ይሄ መብራት ይበላል?

ኤሌክትሪክ እፈራለሁ። ዕድሜዋን በሙሉ ፊዚክስ ስታስተምር የኖረች ሴት ይህን ስትናገር ሰው ይስቃል፤ ይሳቅ። ስፒና ሶኬት ውስጥ ስከት እስከ ዛሬ ፊቴን አዞራለሁ። ሰማዩ ማጉረምረም ሲጀምር ቴሌቪዥኑን እነቅላለሁ፣ ፍሪጁን እነቅላለሁ፣ በመጨረሻም ራሴን ከግድግዳው ነቅዬ መሀል ቤት እቀመጣለሁ። ባለቤቴ ነፍሱን ይማረውና «ተማሪዎችሽ ባዩሽ!» እያለ ይስቅብኝ ነበር። እኔ ደግሞ የሚደፍር የማያውቅ ነው እለው ነበር።

ጡረታ ስወጣ ይህ ፍርሃቴ ሥራ ፈታ። ሥራ የፈታ ፍርሃት ደግሞ የሚይዘው አያጣም። የትምህርት ቤቱ ደወል ከቤቴ ይሰማል፤ በተደወለ ቁጥር ብድግ እልና የት ልሄድ እንደነበር ግራ ገብቶኝ መልሼ እቀመጣለሁ። የጋዝ ሲሊንደሩን ዘግቼ መዝጋቴን ለማየት እመለሳለሁ። ሰው ሳይታመም እንዲህ ይሆናል ወይ ብዬ ለሐኪም ልናገር አስቤ፣ ሐኪሙ የቀድሞ ተማሪዬ ስለሆነ አፈርኩ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አቶ ነስሩ በሬን አንኳኩ። መናኸሪያ በኩል የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ አላቸው፤ ሶኬት፣ ገመድ፣ አምፖል፣ ምድጃ፣ ውሃ ማሞቂያ፣ የማይሸጡት የለም። ከኋላቸው ልጃቸው ሐያት ደብተሯን ደረቷ ላይ አቅፋ ቆማለች።

«ቲቸር፣ ይቅርታ፣ ዕረፍትዎን ልረብሽ ነው» አሉ ገና ሳይቀመጡ። «ይቺ ልጅ ኤሌክትሪክ ሱቅ ውስጥ አድጋ በኤሌክትሪክ ወደቀች። ወላሂ፣ ለሰው ብናገረው ማን ያምነኛል?»

ሐያት ፈገግ እንኳ አላለችም። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቷ ለጥቂት ጎድሎ ሬሚዲያል ገብታለች፤ ያንን የማካካሻ ትምህርት እዚሁ ከተማ ውስጥ ነው የምትከታተለው። የመጨረሻውን ፈተና ካለፈች ዩኒቨርሲቲ ትመደባለች። ከወደቀች አበቃ፤ ሁለተኛ ዕድል የለም። ሌላውን ትምህርት ትችለዋለች፤ የሚጥላት ፊዚክስ ነው። ከፊዚክስም ሁለት ነገር፣ ኤሌክትሪክና የሚሽከረከሩ አካላት እንቅስቃሴ።

«ካላለፈች ሱቁ አለ» አሉ አባቷ። «ሱቁን አልንቀውም፣ ሁላችንንም ያሳደገ ሱቅ ነው። እሷ ግን አትፈልገውም። ስትሰግድ እሰማታለሁ፤ አላህን የምትለምነው ይሄን ብቻ ነው። ይርዱልኝ።»

እሺ ከማለቴ በፊት ፈራሁ። ለምን እንደፈራሁ ለመናገር ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ አለብኝ።

ከኮሌጅ እንደወጣሁ የተመደብኩት መብራት ያልገባላት አንዲት ትንሽ የደቡብ ከተማ ነበር። እዚያ ኤሌክትሪክን ያስተማርኩት ጥቁር ሰሌዳ ላይ አምፖል እየሳልኩ ነው። ልጆቹ «ቲቸር፣ መቼ ነው የሚበራው?» ይሉኛል። እኔም አብሬ እስቃለሁ። ስለ ደመወዙ አላወራም፤ ስለ እሱ አውርቶ የጠገበ መምህር አላየሁም። ከዚያ በትዳር ምክንያት ወደ ሐዋሳ ተዛወርኩና ጋሽ ዳንጊሶ እጅ ወደቅኩ።

ጋሽ ዳንጊሶ የፊዚክስ ክፍሉ ኃላፊ ነበሩ። አማርኛን የተማሩት ትምህርት ቤት ገብተው ነው፤ በቤታቸው የሚነገረው ሲዳሙ አፎ ነው። ለዚህ ይሆናል ለቃል የሚጠነቀቁት። እኛ ሳናስብበት የምንወረውራትን ቃል እሳቸው አንስተው አገላብጠው ያዩዋታል። «ኮረንቲ ያዘው ትላላችሁ» ይሉናል ቁም ነገራቸው ሳይጎድል፤ «በየትኛው እጁ ነው የሚይዘው?» እኛ እንስቃለን፤ እሳቸው መልስ ይጠብቃሉ።

የተላጠ ሽቦ ሲነኩ ግራ እጃቸውን ከኋላቸው ያደርጋሉ። «በአንዱ እጅ ገብቶ በሌላው ሲወጣ መሀል ላይ ልብሽ አለ። አንዱን እጅሽን ደብቂው» አሉኝ በመጀመሪያው ሳምንት። ያን ቀን ይመስለኛል ፍርሃቴ የተወለደው። ደግሞም ተማሪ አፉን ከፍቶ ምን እንደሚሆን ሳይገምት አንዲት ሽቦ አያገናኙም። ክፍሉ በሙሉ እስኪናገር ይጠብቃሉ፤ የሚያፍር ልጅ ካለ አጠገቡ ሄደው ጆሯቸውን ይሰጡታል።

ከሁሉ የገረመኝ ግን የተሳሳተ መልስ ሲሰሙ የሚሆኑት ነው። እኛ ፊታችን ይኮሳተራል፤ ቀዩ እስክሪብቶ ይነሳል። እሳቸው ወንበር ስበው ይቀመጡና «ከየት አገኘኸው?» ይላሉ። አጠያየቃቸው የክስ አይደለም፤ ገበያ ውሎ ጥሩ ዕቃ ይዞ የመጣን ሰው እንደምንጠይቀው ነው። ልጁም ከየት እንዳገኘው ይነግራቸዋል፤ ከአባቱ፣ ከሬዲዮ፣ ከሰፈር። ለመምህር የተነገረ ስህተት ግማሹ ተፈወሰ ይሉ ነበር።

የጊዜው ርዕሰ መምህር ግን ዕቃ ወዳድ ነበሩ። የቤተ ሙከራው መሣሪያ ከነፕላስቲኩ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበት ይኖራል። «ቢሰበር ማን ይጠየቃል?» ነው መልሳቸው። ጋሽ ዳንጊሶ አይከራከሩም፤ ከቤታቸው ሽቦና የባትሪ ድንጋይ በፌስታል ይዘው ይመጣሉ። ጡረታ ሲወጡ ፌስታሏን ለእኔ አወረሱኝ።

እኔም ጋሽ ዳንጊሶን ልሁን አልኩ። አንድ ዓመት የሚሽከረከር ወንበር ከጸሐፊዋ ለምኜ ክፍል አስገባሁ። ተማሪው ይቀመጣል፤ በየእጁ ጡብ ይዞ ክንዱን ይዘረጋል፤ እኔ አሽከረክረዋለሁ። ክንዱን ወደ ደረቱ ሲሰበስብ ማንም ሳይገፋው ወንበሩ ይፈጥናል። ክፍሉ በጭብጨባ ተናወጠ። ማርታ የምትባል ጎበዝ ልጅ ተራዋ ደረሰ። ከኋላ «ጨምሩላት!» የሚል ጩኸት መጣ፤ አንዱ ሮጦ ገፋት፤ የወንበሩ አንድ እግር ለካ ስንጥቅ ኖሮበታል። ማርታ ከነጡቡ ወደቀች። የወደቀችው በቀኝ ክንዷ ላይ ነው።

የሚያስቃያት ስብራቱ ብቻ ቢሆን ምን ነበረ። ብሔራዊ ፈተናው ደርሷል፤ ልጅቷ የምትጽፍበት እጅ በጄሶ ታስሯል። ያን ዓመት አልተፈተነችም። በዓመቱ ትመለሳለች ብዬ የመማሪያ ክፍሎቹን በር በር ሳይ ከረምኩ፤ አልተመለሰችም። ርዕሰ መምህሩ «አላልኩም?» ብለው ተዉኝ። እኔ ግን ራሴን አልተውኩም። ፌስታሏን እቤቴ ቁም ሣጥን አናት ላይ ሰቅዬ ጠመኔ ብቻ ይዤ የምገባ አስተማሪ ሆንኩ።

ከብዙ ዓመት በኋላ ሐይቅ ዳር አንድ ዓሣ ቤት ከዘመዶች ጋር ምሳ ልንበላ ገባን። አስተናጋጆቹን የምታዘው ሴት ትኩር ብላ አየችኝና «ቲቸር! ያ ወንበር!» ብላ በሳቅ ፈነዳች። ማርታ ነበረች። «ለልጆቼ ሁሌ ነው የምነግራቸው፤ ክንዴን ስሰበስብ እንዴት እንደፈጠነ!» አለች። ዘመዶቼም ሳቁ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም። ክንዷን አየሁት፤ ከክርኗ በታች ትንሽ ዘመም ብሎ ነው የገጠመው።

አቶ ነስሩ «ይርዱልኝ» ሲሉ ዓይኔ ላይ የመጣው ያ ክንድ ነው። ፈተናዋ በደረሰ ሰዓት የሰው ልጅ በእኔ እጅ መሆኗ አስፈራኝ። ሆኖም ሐያት ደብተሯን ከደረቷ አላቅቃ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣዋለች። የተቀመጠን ደብተር አንስተሽ ሂጂ ማለት ደግሞ አልቻልኩም።

የመጀመሪያ ቀን የቤት ሥራዋን አገላበጥኩት። ሁሉም ተሠርቷል፤ መልሱ ሁሉ ልክ ነው። ደነገጥኩ።

«ታዲያ ችግሩ የት ላይ ነው?» አልኳት።

«መልሱማ ከስልኬ ነው፣ ቲቸር» አለች። «ፎቶ ሳነሳው ይነግረኛል። ጥያቄው ትንሽ ሲዞር ነው አብሬው የምዞረው። ፈተና ላይ ስልክ የለም።»

ቀመሮቹን ጠየቅኳት፤ እንደ ዳዊት ትደግማቸዋለች። ሬዚስታንሱን ትደምራለች፣ ቮልቴጁን ታካፍላለች፣ ኮረንቱን ታወጣለች። «አምፖሉ ይደምቃል ወይስ ይፈዛል?» ስላት ግን ግራ ይገባታል። አስረዳኋት። ደግሜ አስረዳኋት። «ገባኝ» ትለኛለች። አስተማሪ የሆነ ሰው «ገባኝ»ን ያውቃታል፤ ብዙ ጊዜ ትርጉሟ «ይብቃዎት» ነው። እንዲህ ስንል ፈተናው እየቀረበ መጣ። እሷ ከሳች። እኔም ምግብ አልበላ አለኝ፤ በሰው ልጅ ፈተና።

በመጨረሻ ቁም ሣጥኑ አናት ላይ ወጣሁ። ፌስታሏ አቧራ ለብሳለች፤ ድንጋዩ ሁሉ ፈሷል። ለአቶ ነስሩ ደወልኩና ክሩ የሚታይ የድሮ የእጅ ባትሪ አምፖል፣ አንድ ዓይነት ሁለት ፍሬ፣ አዲስ ድንጋይም ጨምረው ይላኩልኝ አልኳቸው። በማግስቱ ሐያት ይዛ መጣች።

በረንዳው ላይ አምፖሎቹን አንዱን ካንዱ አስከትዬ በተርታ ዘረጋኋቸው፤ የመጨረሻዋን ጫፍ ብቻ ሳላገናኝ ተውኳት። ሁለት የባትሪ ድንጋይ ዝንብ እንኳ እንደማይገድል አውቃለሁ፤ ግራ እጄ ግን ራሱ ሄዶ ከኋላዬ ተደበቀ።

«ሳላገናኝ ንገሪኝ፤ የትኛው ነው የሚደምቀው?»

«የመጀመሪያው» አለች ሳታመነታ።

«ለምን?»

«ቀድሞ የሚያገኘው እሱ ነዋ። እሱ በልቶ የተረፈው ነው ለሁለተኛው የሚደርሰው።»

ስህተት ነው ልል አፌን ከፍቼ ነበር። መልሼ ዘጋሁትና ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

«ከየት አገኘሽው፣ የኔ ልጅ?»

«እንዴ ቲቸር፣ ይሄማ የታወቀ ነው!» አለች ገርሟት። «ሱቅ የሚመጣው ሰው ሁሉ የሚጠይቀው እሱን አይደል? ምድጃ ያነሳል፣ ‹ይሄ መብራት ይበላል?› ይላል። አባዬ ‹ኧረ አይበላም እናቴ› ይላል። ‹ያኛው ግን ይበላል› ይላል። ከሕፃንነቴ ጀምሮ የምሰማው ይሄንን ነው።»

እኔስ ስንት ጊዜ ብየዋለሁ፤ ይሄ ፍሪጅ መብራት በላ፣ ይሄ ካውያ መብራት ፈጀ። እኛ ቋንቋ ውስጥ አምፖሉም መብራት ነው፣ በሽቦው የሚያልፈውም መብራት ነው፣ በወሩ መጨረሻ የምንከፍለውም መብራት ነው። መብራት ይሄዳል፣ ይመጣል፣ ይበላል። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ኮረንት ሲላት እሷ ልቧ ውስጥ መብራት ብላ ታነበዋለች፤ መብራት ደግሞ የሚበላ ነገር ነው። ገበታ ላይ ታላቅ ቀድሞ ይበላል፣ ታናሽ የሚደርሰው የተረፈው ነው። ስልኳ መልሱን ሊነግራት ይችላል፤ ይህን ግን ሊያውቅባት አይችልም። ማን ጠይቋት!

«እሺ፣ አገናኚው» አልኳት።

አገናኘችው። ሁለቱም እኩል በሩ።

ጠጋ ብላ አየች። አምፖሎቹን አቀያየረቻቸው፤ እኩል። ድንጋዩን አገላብጣ ከተተችው፤ እኩል። «አባዬ የተበላሸ ነው የላከው» አለችና ሽቦውን በጥፍሯ ፈተሸች። ከዚያ እጇን ሰብስባ ተቀመጠች። ቀና ስትል ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

«ታዲያ ቆጣሪው የሚቆጥረው ምንድን ነው? አባዬ ዕድሜውን ሙሉ ሰው ሲያታልል ነው የኖረው?»

በሥራ ዘመኔ እንደዚያች ጥያቄ ደስ ያለኝ የለም። ዓይኔ የባለቤቴ ብስክሌት ላይ አረፈ። ሐዋሳ ውስጥ ብስክሌት የሌለው ግቢ ይኖራል? ገልብጠን በመቀመጫው አቆምነው።

«ፔዳሉን በእጅሽ አዙሪ። ካቴናው ወደ ኋላ ጎማ እየሄደ ነው፤ ጎማው ይበላዋል?»

«አይበላውም። ዞሮ ይመጣል።»

ጎማውን በጨርቅ ጫን ብዬ ያዝኩባት። «አሁንስ? ከካቴናው የጎደለ አለ?»

«የለም» አለች እያለከለከች። «ግን እጄ አለቀ።»

«ቆጣሪው የሚቆጥረው እሱን ነው።»

ማዞሯን አላቆመችም። ካቴናውን ታየዋለች፣ እጇን ታየዋለች። «የሄደው ያህል ይመለሳል» አለች ለራሷ። «የሚወሰደው ጉልበቱ ነው። አባዬ ቃሉን ነው የተሳሳተው እንጂ አላታለለም!» አባቷን ነፃ ካወጣች በኋላ ነው ያቆመችው።

ከዚያ ወዲያ ኤሌክትሪኩ መንገድ ያዘ። የቀረን የሚሽከረከረው ነገር ነው። ወንበር ላይ ሰው ላስቀምጥ አልችልም፤ ሞቼ እገኛለሁ። የመወልወያ እንጨት አመጣሁና ሁለት ውሃ የሞላባቸው የፕላስቲክ ጠርሙሶች አዘጋጀሁ፤ መጀመሪያ መሀሉ አጠገብ፣ ቀጥሎ ጫፍና ጫፉ ላይ ላስራቸው ነው።

«መሀሉን ይዘሽ ግራና ቀኝ ስትጠመዝዢው የቱ ይከብድሻል?» አልኳት ገና ሳትነካው።

«ያው ነው። ፕላስቲኮቹ ያው፣ እንጨቱ ያው። ሚዛን ላይ ብናወጣው ያው ነው» አለች። የባለሱቅ ልጅ ናት፤ ክብደት ማለት ሚዛኑ ያለው ነው። ጠመዘዘችው። ጫፍና ጫፉ ላይ የታሰረው አልታዘዝ ብሎ እጇን ሲመልስባት ጮኸች። «ሚዛኑ ያልቆጠረው ነገር አለ!» አለችኝ። እኔ እንጨቱ አምልጦ ግንባሯን እንዳይመታት ክንዴን ዘርግቼ ቆሜ ነበር፤ ሳቀችብኝ። ለማርታም እንጨትና ፕላስቲክ ይበቃት ነበር።

ተፈተነች። ውጤት እስኪመጣ ያለውን ጊዜ እንዴት እንዳሳለፍኩት አልናገርም፤ የጎረቤት ዶሮ ሲጮኽ ስልክ እየመሰለኝ ነው የኖርኩት። አንድ ቀን ማከፋፈያ ገመድ ልገዛ ሱቃቸው ብሄድ ሐያት ባንኮኒው ኋላ ቆማለች። አንዲት ሴት ውሃ ማሞቂያ አንስታ «ይሄ መብራት ይበላል?» አለቻት።

«ኮረንቲውን እንኳ አይበላም እትዬ፣ የገባው ይወጣል» አለች ሐያት በትሕትና። «ጉልበቱን ነው የሚወስደው። እሱን ደግሞ በጣም ነው የሚወስደው።»

ሴትየዋ ዕቃውን ቀስ ብላ መለሰችና ወጣች። አቶ ነስሩ ግንባራቸውን ያዙ። «ቲቸር፣ ልጄን አስተማሩልኝ፤ ገበያዬን ግን ገደሉት» አሉኝ።

ውጤቱ የወጣ ቀን ሐያት ደወለች። ልቅሶዋን እንጂ ቃሏን አልሰማሁም፤ የወደቀች መስሎኝ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። «አለፍኩ ነው እኮ የምልዎት፣ ቲቸር!» አለች። ጌታ ይመስገን አልኩና እኔም ተራዬን አለቀስኩ። አስተማሪ ያለቀሰበት ውጤት ብዙ ነው፤ ወለል ላይ ተቀምጬ ግን የመጀመሪያዬ ነው።

ነገሩ እዚያ ላይ ያበቃ መስሎኝ ነበር። ምደባው ሲመጣ ዩኒቨርሲቲዋ ሩቅ ሆነ፤ አባቷም እኔም ረግጠነው የማናውቀው አገር። አቶ ነስሩ ብቻቸውን መጡ። በረንዳው ላይ ተቀምጠው ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ።

«ስለ መንገዱ ስጠይቅ ሰነበትኩ» አሉ። «አንዱ ሰላም ነው ይለኛል። አንዱ ሴት ልጅህን በዚያ መንገድ አትላክ ይለኛል። እናቷ እህል አልቀምስ ብላለች። ሐያት ሻንጣዋን ጨርሳለች። አትለምነኝም፣ አትቆጣኝም፤ ብቻ ታየኛለች። እርስዎ ነዎት ያሳለፏት። ልጅዎ ብትሆን ይልኳት ነበር?»

ዕድሜዬን በሙሉ የሰው ልጅ እየያዝኩ እስከ ፈተናው በር አድርሼ ስመለስ ኖሬአለሁ። ከበሩ ወዲያ ያለውን መንገድ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም፤ እኔም ጠይቄ አላውቅም። ይላኳት ብል፣ አንድ ነገር ብትሆንስ? ይተዋት ብል፣ ያቺ ልጅ ከባንኮኒው ኋላ ቆማ ስታየኝ በየትኛው ዓይኔ አያታለሁ? ሁለቱንም መልስ አፌ ውስጥ አገላበጥኳቸው፤ ሁለቱም ያስፈራሉ። አቶ ነስሩ ኮፍያቸውን ይዘው ይጠብቃሉ።

«እፈራለሁ» አልኳቸው። «በጣም እፈራለሁ፣ አቶ ነስሩ። ግን እልካታለሁ።»



«እኔ እኮ የመጣሁት እርስዎ አይፈሩም ብዬ ነው» አሉ። ተነሥተው ኮፍያቸውን አደረጉ። «ምን ይደረግ፤ እንግዲያው አብረን እየፈራን እንልካታለን።»

ሰኞ ጠዋት ሸኘናት።